ተቋራጭ የሆንኩባቸው ሁለት ዓመታት

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው ዘጠኝ ሰዎች ነን። ስም አልጽፍም፤ ያለፉ አሉ፣ ያሉትም ልጅና የልጅ ልጅ አላቸው። ማን ማን እንደነበርን ግን አንድ በአንድ ልናገር።

አንደኛው እኔ ነኝ። ከሚሴ ውስጥ፣ ከደሴ መንገድ ዳር በነበረ የእህል ኩባንያ መጋዘን የኩሊዎች ካቦ ነበርኩ። ፊደል ያስተማረኝ ሰው የለም። ጆንያ ላይ በጥቁር ቀለም የሚታተመውን እያየሁ፣ ያወቀ ሰው ሲያልፍ "ይቺ ምንድን ናት?" እያልኩ ለቀምኩት። ስለዚህም ትዕቢት ነበረብኝ።

ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። ፊደል አትቆጥርም፤ በሒሳብ ግን ትበልጠኛለች።

ሦስተኛዋ ትልቋ ልጄ ናት። ያን ጊዜ ከሚሴ ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም ነበርና ሰባተኛን ለመማር ደሴ መውጣት ነበረባት። ድሬሰር ሆና ነጭ ካፖርት ለብሳ ሰው ማከም ትፈልግ ነበር። እኔም ለልጄ ከመጮህና ከመቆጣት በቀር ያደረግኩላት መልካም ነገር ቢኖር ይህን ምኞቷን አለመከልከሌ ነው።

አራተኛው ከኩሊዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት ሰው ናቸው፤ አያ እንላቸው ነበር። ኩንታል አሸክማቸው ማለት ነውር ነበር፤ እሳቸው ግን ሳይጠየቁ ይሸከማሉ። ዱዓ የሚያደርጉልን እሳቸው ናቸው።

አምስተኛውና ስድስተኛው ከጨፋ የመጡ ወንድማማቾች ናቸው። አንዱ ሲናገር ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። አያ ያሉትን ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበራቸውም።

ሰባተኛው ቀልደኛው ነው። ጀርባው ላይ ማሽላ ተጭኖ እንኳ ሰው ይሳደባል።

ስምንተኛው የኩባንያው ወኪል ነው፤ ዘጠነኛው ደግሞ የግምጃ ቤቱ የግብር ሹም፣ ገና ጢሙ ያልወፈረ ወጣት።

ከሌላ ሰው የመጣብን ነገር የለም። እኛው ለእኛው ነን።

የወር ደመወዜ አርባ አምስት ብር ነበር። ከዚያ ላይ ወኪሉ "የሥራ ግብር" ብሎ አንድ ብር ከሠላሳ አምስት ሳንቲም ይቆርጣል። ኩሊዎቹ ሠላሳ ሠላሳ ብር ነበራቸው፤ ከእነሱም ጥቂት ሳንቲም ይነሳል። በየወሩ መጨረሻ የተቆረጠችውን ገንዘብ እያሰብኩ እበግን ነበር። አንዲት ዶሮ ትገዛለች፣ ሁለት ዶሮ ትገዛለች እያልኩ ባለቤቴን አሰለቸኋት። ያቺ ገንዘብ በየወሩ ስሜን ይዛ ግምጃ ቤት ገብታ "ይህ ሰው ዕዳ የለበትም" ብላ እንደምትመሰክርልኝ አላወቅኩም። ያወቅኩት ከቀረች በኋላ ነው።

በሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ በአንድ የሰኔ መጨረሻ፣ ወኪሉ ወደ ቢሮው አስጠራኝ።

"ቁጭ በል" አለኝ።

ቁጭ በል ብሎኝ አያውቅም። "ምን አጠፋሁ?" አልኩት።

"ምንም። ግን ከሐምሌ አንድ ጀምሮ የወር ደመወዝ የለህም።"

"አባረርኩህ በሉኛ!"

"ማን አባረረህ? ተሾምክ እንጂ። ተቋራጭ ሆነሃል። በኩንታል አሥር ሳንቲም፣ የተጫነውም የወረደውም። ሰዎቹን አንተ ታሠራለህ፣ አንተ ትከፍላለህ። ኩባንያው የሚያውቀው አንተን ብቻ ነው።"

"ሥራውስ?"

"ያው ሥራ።"

"መጋዘኑስ?"

"ያው መጋዘን፣ ያው ጆንያ፣ ያው ወገብ።" ሳቀ። "ግብር የሚቆርጥብህም የለም ከእንግዲህ። በየወሩ ስታለቅስብኝ አልነበር? ይኸው ገላገልኩህ።"

ውሉ ሁለት ገጽ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ያስነብብ ነበር፤ እኔ ራሴ አነበብኩት፣ ያውም ጮክ ብዬ፣ ወኪሉ እንዲሰማኝ። ከሥር "ማናቸውንም የመንግሥት ግብር ተቋራጩ ራሱ ይከፍላል" የሚል ነበር። ይህንንም ጮክ ብዬ አነበብኩት። ከዚያ ፈረምኩ። አላነበብኩም ብዬ ላመካኝ አልችልም።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷ እህል እየለቀመች ሰማችኝ።

"የሚቆርጥብን ሰው ቀረ አሉ እንግዲህ" አለች።

"አልሐምዱሊላህ፣ ቀረ።"

"የሚከፍልልንስ ማን ነው?"

"ምን የሚከፈል አለ? አንድ ብር ከሠላሳ አምስት! ሲጠሩኝ ወስጄ እሰጣቸዋለሁ።"

"አንቱ ሲጠሩዎት የሚሄዱ ሰው መቼ ሆኑ? ሳይጠሩ የሚሄዱ አልነበሩ?" ብላ ወደ ልቅሚያዋ ተመለሰች።

እውነቷን ነበር። ዕዳ ካለብኝ ሳልጠየቅ የምከፍል፣ ይህንንም ለሰው ሁሉ የምሰብክ ሰው ነበርኩ። ለመንግሥት ሲሆን ግን መጠራትን መረጥኩ። ይህ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነው፤ በሌላ ሰው ላይ የማሳብበው አይደለም።

ሁለተኛው ጥፋቴ የመጣው ከደግ ነገር ነው።

ወኪሉ የመጀመሪያውን ሂሳብ ሲሰጠኝ እግረ መንገዱን መከረኝ። "ለሰዎቹ እንደ ድሮው ሠላሳ ሠላሳ ብር ስጣቸው። የቀረው ያንተ ነው። ተቋራጭ ማለት ይህ ነው፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው።"

"እኔና እነሱ አንድ ጆንያ ይዘን ነው የምናነሳው" አልኩት።

"ታዲያ?"

"ታዲያማ እኩል ነው።"

"ሞኝ ነህ" አለኝ። በክፋት ያለው አይመስለኝም።

በእኛ በኩል አብሮ የተሸከመ አብሮ ይካፈላል። ሐሙስ ሐሙስ፣ የጨፋ ሮቢት እህል ተራግፎ ሲያልቅ፣ ባዶ ጆንያ መሬት ላይ እናነጥፍና አምስታችን ዙሪያውን እንቀመጣለን። ገንዘቡን እዘረግፈዋለሁ። አያ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ። ቀልደኛው በአምስት ይከፍለዋል፤ የከፈለ ሰው መጨረሻ ነው የሚያነሳው፣ ልማዱ ነው። እያንዳንዱ ድርሻውን ሲያነሳ ዞሮ "ሐላል?" ይላል፤ የቀረነው "ሐላል" እንላለን። ከዚያ በኋላ ነገሩ አልቋል። አነሰኝ ማለት የለም፣ ሰጥቼሃለሁ ማለት የለም። ሐላል ከተባባልን በኋላ ወረቀት የሚያወጣ ሰው ቃሉን ያጠፈ ያህል ነው። ነገ "ሰጥቼህ ነበር" ሊል አስቧል ማለት ነውና።

እኔ ግን ፊደል ቆጣሪው፣ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሐሙስ ላይ ደብተር ይዤ ሄድኩ። ያሰብኩት ተንኮል አልነበረም፤ ሂሳብ ያለ ደብተር አይሆንም ብዬ ለልጆቼ ስናገር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ነው።

ቀልደኛው ደብተሩን አየና ዓይኑን አፈጠጠ። "ካቦ፣ ይሄ ምንድን ነው? ዕድር ልታስገባን ነው?"

"የወሰዳችሁትን ልጽፍ ነው።"

"የወሰድነውን? ሰርቀን ነው እንዴ?"

"ለማስታወስ ነው።"

"እኔ ረስቼ አላውቅም። አንተ ግን ካረጀህ ንገረን፣ አያ በዱላቸው ያስታውሱሃል።"

ወንድማማቾቹ ሳቁ። አያ አልሳቁም።

"ካቦ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "ሐላል ብለናል?"

"ብለናል፣ አያ።"

"ሐላል ካልን መዝጋቢው አላህ ነው። አንተ ሌላ መዝገብ ስትከፍት የሱን አላመንክም፣ ወይ እኛን አላመንክም። የቱ ነው?"

ደብተሩን አጠፍኩት። ጓደኞቼን ማመንን ያህል ምን አለ ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ እንዲያውም ኮራሁ። ከዚያ ወዲያ ለሁለት ዓመት አንዲት መስመር አልጻፍኩም። ከአምስታችን መጻፍ የሚችለው አንድ እኔ ነበርኩ።

ሁለቱ ዓመታት መጥፎ አልነበሩም። ለእያንዳንዳችን በወር ከሃምሳ ሁለት ብር በላይ ይደርሰን ጀመር። ለእኔ ጭማሪው ትንሽ ነበር፤ ለእነሱ ብዙ። ወንድማማቾቹ ወይፈን ገዙ። አያ እናታቸው መቃብር ላይ ድንጋይ አስቆሙ። እኔ ልጄን ደሴ ሰደድኳት፤ የባለቤቴ እህት ዘንድ አስቀምጬ በወር አሥራ ሁለት ብር እልክላት ነበር። ክረምት ክረምት ስትመጣ ከጭነት መኪናው ጋቢና ደብተሮቿን ታቅፋ ትወርዳለች። በሁለተኛው ዓመት ክረምት የስምንተኛ ክፍል የሚኒስትሪ ፈተና ማለፏን ሰማን። እንኳን ደስ ያለሽ አላልኳትም። "ዘጠነኛ ይከብዳል" ነው ያልኳት። እንደዚህ ዓይነት አባት ነበርኩ።

የግምጃ ቤቱ መጥሪያ የመጣው በዚያው ክረምት ነው። ቦርከና ሞልቶ መንገዱ ጭቃ ስለነበረ መልእክተኛው ጫማውን በእጁ ይዞ መጣ።

ሹሙ ወጣት ሰው ነበር፤ ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ። ከኩባንያው የመጣ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ሺህ አንድ መቶ አርባ ብር፣ በሁለተኛው ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ ብር ለእኔ ተከፍሏል ይላል። በስሜ፣ በፊርማዬ። ድምሩ ስድስት ሺህ አምስት መቶ።

"የንግድ ፈቃድ አውጥተዋል?" አለኝ።

"ነጋዴ አይደለሁም። ኩሊ ነኝ።"

"ወረቀቱ ተቋራጭ ነው የሚለው።"

"ያው ሥራ ነው ጌታዬ፤ ያው መጋዘን ነው።"

"ሥራው ያው ሊሆን ይችላል። ድሮ ግብርዎን ኩባንያው ቆርጦ ያስገባ ነበር፤ እዚህ ስምዎ ንጹሕ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ መጥተው ገቢዎን አላስታወቁም። ስድስት ሺህ አምስት መቶ ብር ገብቶልዎታል።"

"የኔ እኮ አምስተኛው እጅ ነው። ሺህ ሦስት መቶ ብር ብቻ። በሁለት ዓመት!"

"የቀረውስ?"

"ተካፈልነው።"

"ለተቀበሉት ሰዎች ያስፈረሙበት ወረቀት አለ?"

"ሐላል ተባብለን ነው" ብል ምን ይለኛል ብዬ አፈርኩ። ኋላ ግን አልኩት። ሹሙ አልሳቀም። ብዕሩን አስቀመጠና፣ "አባባ፣ ተቋራጭ ለኩሊዎቹ ትንሽ ሰጥቶ ብዙውን እንደሚያስቀር ነው እኛ የምናውቀው። እርስዎ እኩል ተካፈልኩ ይላሉ። ላምንዎት እችላለሁ። ግን የማምንበት ወረቀት ይስጡኝ" አለኝ።

ወረቀት ከሌለ ምን እንደሚሆንም ነገረኝ። ከሙሉው ገንዘብ ላይ ከየመቶው አሥር ብር፤ በዚያ ላይ ሳላስታውቅ ስለቀረሁ የግብሩ ሩብ መቀጫ፤ በዚያ ላይ የሁለት ዓመት የፈቃድ ሠላሳ ብር። ስምንት መቶ አርባ ሁለት ብር ከሃምሳ። እስከ ጳጉሜን መጨረሻ እንዳጣራ ጊዜ ሰጠኝ።

ከዚያ ወጥቼ ወደ ቤቴ አልሄድኩም፤ ወኪሉ ዘንድ ሄድኩ። ሲሰማ ራሱን ያዘ። "በል አትደንግጥ" አለኝ። "የሁለት ዓመት የደመወዝ ሊስት ዛሬውኑ እናዘጋጅ። ወር በወር፣ ቀኑን ወደ ኋላ እየጻፍን። የሰዎቹን ጣት አስነካበት። ወረቀቱን በሻይ ነከር ነከር አድርገን እናስረጀዋለን፣ አለቀ።"

"ይህማ ውሸት ነው።"

"ገንዘቡን ሰጥተሃቸዋል አይደል? ታዲያ ምኑ ነው ውሸት?"

"ቀኑ ነው ውሸት።"

"ቀን ምን አለው! ሰው በቀን ይሞታል እንጂ ቀን ሰው አይገድልም።"

እምቢ አልኩ። ዛሬ ሳስበው፣ የዚያን ቀን እምቢታዬ ስንት ከእውነት ስንት ከኩራት እንደነበረ መለየት ያቅተኛል። ወደ ኋላ የተጻፈ ቀን ሐሰት ነው ብዬ አሁንም አምናለሁ። ግን የእምቢታዬን ዋጋ የከፈሉት ብዙ ሰዎች ነበሩ፣ ያልተማከሩም ነበሩባቸው።

በማግስቱ ለኩሊዎቹ ነገርኳቸው። መጋዘኑ ውስጥ የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነው። መጀመሪያ የተናገረው ቀልደኛው ነው።

"ማል ጎና! ምን እናድርግ እንግዲህ፣ ካቦን ሸጠን እንክፈል። ግን ማን ይገዛዋል? ጥርሱ አልቋል።"

ማንም አልሳቀለትም።

"እንሄዳለን" አሉ አያ። "ሄደን እንምላለን። ቁርዓን ይዘን፣ ውዱዕ አድርገን። እኩል ተካፍለናል ብለን አራታችንም እንምላለን። መንግሥትስ ቢሆን ሙስሊም ከማለ ምን ይፈልጋል?"

ወንድማማቾቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ልቤ ትንሽ ተመለሰ።

ሐሙስ ቀን፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ አምስታችን ግምጃ ቤት ገባን። አያ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰዋል፤ ቁርዓኑን በሻሽ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ሹሙ ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሳ፤ እስኪጨርሱም አልተቀመጠም። አያ ማሉ። ወንድማማቾቹ ማሉ። ቀልደኛው ሲምል አንዲት ቀልድ አላስገባም፤ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

"አምናችኋለሁ" አለ ሹሙ። "ወላሂ አምናችኋለሁ።" ክርስቲያን ነበር፤ ለእነሱ ብሎ ነው ወላሂ ያለው። "ግን መሐላችሁን ፋይል ውስጥ ላስገባው አልችልም። ከደሴ መርማሪ ሲመጣ ወረቀት ነው የሚያየው። አሁን ያላችሁትን ልጻፈውና ጣታችሁን አሳርፉበት። ሐሰት የለበትም፤ የዛሬ ቀን ነው የምጽፍበት። ጣቱን ያሳረፈ ሰው ድርሻው ከካቦው ላይ ይነሳል።"

ጻፈው። አንብቦ አሰማን፤ ጥሩ አድርጎ ነው የጻፈው። ሐምራዊውን የቀለም ሳጥን ከፍቶ ወደ አያ ገፋው።

አያ እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡ።

"አያ" አልኳቸው።

"የእኔ አባት" አሉ አያ፣ ወደ ሹሙ እያዩ፣ "ጨፋ ላይ መሬት ነበረው። አንድ ሰው እህል አበደረውና ጣትህን እዚህ አሳርፍ አለው። አሳረፈ። በዓመቱ መሬቱ የዚያ ሰው ነበር። አባቴ ሊሞት ሲል እኛን ልጆቹን እጃችንን ይዞ፣ ጣታችሁን ወረቀት ላይ አታሳርፉ ብሎ አስማለን። አሁን በቁርዓን ምዬልሃለሁ። ይህንን መሐላ ለማጽናት ያንን የአባቴን ላፍርስ?"

ወንድማማቾቹ አያን አዩ፣ ሳጥኑን አዩ፣ ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላቸው አደረጉ።

ቀልደኛው ነው ወደፊት የመጣው። "እኔ መሬት የለኝም። የሚወስዱብኝ ነገር ካገኙ ለእኔም ያሳዩኝ" ብሎ አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነከረ፣ ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

ስንወጣ አያ አላነጋገሩትም። ወንድማማቾቹም አላነጋገሩትም። ሐላል የተባለን ነገር ወረቀት ላይ ያወጣ ሰው ሆነ። ሐሙስ ሐሙስ ጆንያው ሲነጠፍ ከእሱ አጠገብ የሚቀመጥ ጠፋ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ራሱም ቀረ። ኮምቦልቻ ወረደ አሉ። እኔን ለመርዳት ብሎ ብቻውን የፈረመ ሰው ነው፤ ጓደኞቹን ያጣውም በዚያ ነው።

የእሱ ሺህ ሦስት መቶ ብር ከእኔ ላይ ተነሳልኝ። ነገር ግን ሹሙ፣ "አስፈርመው ካሳዩኝ አሠሪው ነዎት ማለት ነው፤ አሠሪ ደግሞ ግብር ቆርጦ ማስገባት ነበረበት" አለና በእሱ ድርሻ ላይ ሠላሳ ሁለት ብር ከአርባ ተጻፈ። የሃያ አራት ወር፣ በወር አንድ ብር ከሠላሳ አምስት። ቀልደኛው ከመሄዱ በፊት ገንዘቡን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። "የራሴን አንተ እንድትከፍልልኝ አልፈልግም። ኋላ ደብተር ይዘህ ትመጣብኛለህ" አለኝ። ይህ ከእሱ የሰማሁት የመጨረሻ ቀልድ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልጄ ቤት ነበረች። የትምህርት ቤት ልብሷን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ ከፍራሽ ሥር አድርጋ እንዲተኮስላት ትተኛበታለች። ነሐሴ ሲገባደድ ባለቤቴ፣ "አንቱ፣ ለልጅቷ ይንገሯት እንጂ። ዓይኗ እኮ ፈጠጠ" አለችኝ።

ደሴ እንደማትመለስ ነገርኳት። ቆማ ነው የሰማችኝ።

"ለዚህ ዓመት ብቻ ነው?" አለች።

ለዚህ ዓመት ብቻ ነው ማለት እችል ነበር። "አላውቅም" አልኳት።

"አባ፣ ደብተር ቢይዙ ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር?"

"ግማሹ አይመጣም ነበር።"

"ለምን አልያዙም?"

እሷን ሒሳብ ሳትጽፍ በቃሏ ስትሠራ አይቼ የመታኋት ሰው ነኝ። ያልጻፈ አያውቅም እያልኩ ያሳደግኳት ሰው ነኝ። "ጓደኞቼን አፍሬ ነው" አልኳት። ከነገርኳት ነገር ሁሉ እውነተኛው ይህ ይመስለኛል። ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ወጣች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። በዓመቱ ለጨፋ ሮቢት ሰው ዳርኳት። ጥሩ ሰው ነው፣ እህል ነጋዴ ነው፤ ሂሳቡን የምትጽፍለት እሷ ናት። ነጭ ካፖርቱን ግን አልለበሰችም። አንድም ቀን አላነሳችብኝም።

ከወኪሉም በኩል አላበቃልንም። መስከረም ላይ፣ የግብር ዕዳ ያለበት ሰው ውል መያዝ አይችልም ብሎ ኮንትራቱን ለሌላ ሰጠ፤ በኩንታል ስምንት ሳንቲም። አዲሱ ተቋራጭ ከመጋዘኑ ሥራ ውጪ የነበረ ሰው ነው፣ ጆንያ አንስቶ አያውቅም። ለኩሊዎቹ ሠላሳ ብር ይከፍላል፤ የቀረው የእሱ ነው። ጥሩ ተቋራጭ ነው ይላሉ። ደብተርም አለው። እኔን በሠላሳ ብር ቀጠረኝ። ያው መጋዘን፣ ያው ጆንያ።

አያ ጣታቸውን ስለከለከሉኝ ቂም አልያዝኩባቸውም። ውሳኔው እንደተነገረኝ ሰሞን ቤቴ መጥተው በቁርበት ከረጢት ሃምሳ ብር አስቀመጡልኝ። አልቀበልም አልኳቸው።

"ገንዘቤን ውሰድ" አሉኝ። "ገንዘቤን፣ በሬዬን፣ ጉልበቴን ውሰድ። ጣቴን ብቻ አትጠይቀኝ።"

"አያ፣ ቢፈርሙ ኖሮ እኮ ከዚህ ያነሰ ነበር የሚጠይቀን።"

"አውቃለሁ" አሉ። "አውቄ ነው።"

ወንድማማቾቹም ወይፈናቸውን ሸጠው ሃያ ሃያ ብር ላኩ። እነዚህ ሰዎች ለእኔ ያልሰጡት ነገር የለም፤ የሚያስፈልገኝ አንዱ ነገር ሲቀር። ሰው ሊረዳህ እየፈለገ በምን መንገድ እንደማይረዳህ አየሁ። መተማመን መልካም ነው እያልኩ ስሰብክ ኖሬያለሁ፣ አሁንም ክፉ ነው አልልም። ነገር ግን እኛ በአንድ ቋንቋ ስንተማመን መንግሥት በሌላ ይጠይቀናል፤ ሁለቱንም የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ መካከል ቆሜ ዝም አልኩ። በዚያን ጊዜ ደብተሩን ባላጥፈው ኖሮ ምናልባት በሦስተኛው ሐሙስ ሰዎቹ ጥለውኝ ይሄዱ ነበር። ልጄም ያኔውኑ ደሴ አትወጣም ነበር። ስለዚህ ምን ማድረግ ነበረብኝ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር መልስ የለኝም።

የሚጻፈውን ልጻፍ። ግብር አምስት መቶ ሃያ ብር። መቀጫ መቶ ሠላሳ ብር። የሁለት ዓመት ፈቃድ ሠላሳ ብር። በቀልደኛው ድርሻ ላይ ሠላሳ ሁለት ብር ከአርባ። ለቴምብርና ለማመልከቻ ጸሐፊ ስምንት ብር ከሃያ አምስት።

ላሟ በመቶ አሥር ብር ተሸጠች። የባለቤቴ የብር ድሪ በሰማንያ አምስት። ከቤቴ ጣራ ሃያ አራት ቆርቆሮ፣ አንዱ በስድስት ብር፣ መቶ አርባ አራት፤ ሣር አለበስነው። ለልጄ የዘጠነኛ ክፍል ያስቀመጥኩት ዘጠና ስድስት ብር። ከአያ ሃምሳ፣ ከወንድማማቾቹ አርባ፣ ከቀልደኛው ሠላሳ ሁለት ከአርባ። የቀረውን መቶ ስልሳ ሦስት ብር ከሃያ አምስት ሹሙ ወር በወር እንድከፍል ፈቀደልኝ፤ ከሠላሳ ብሩ እየቀነስኩ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጨረስኩ። በጠቅላላው ሰባት መቶ ሃያ ብር ከስልሳ አምስት ሳንቲም።